ሚስማር አፍ ላይ ያየሁት እንቁላል

ወዳጄ፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ ይመር ጎሚስታው እንዲህ ያለ ወሬ የሚወድ ሰው አይደለሁም፣ ሰው ወደ ጅብ ሲለወጥ አየሁ ብሎ የሚምልልኝን ሁሉ «ስንት ብርሌ ጠጥተህ ነበር?» እያልኩ ሳሳፍር የኖርኩ ነኝ። ሥራዬ ራሱ እንዲህ አድርጎኛል። ጎማ ተነፈሰ ማለት ቀዳዳ አለው ማለት ነው፣ ካላማዳሪውን፣ የውስጡን ላስቲክ፣ አውጥተህ ባፋ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ አረፋ ያወጣበትን በጣትህ ትይዛለህ፣ ትለጥፈዋለህ፣ አለቀ። መርሳ አስፋልት ዳር ይኼን ሁሉ ዓመት ስሠራ ያለ ቀዳዳ የተነፈሰ ጎማ አላጋጠመኝም፤ ያን ቀን የሆነውን ግን ይኸው እስከ ዛሬ ባገላብጠው ባገላብጠው ቀዳዳውን አላገኘሁትም።

ነገሩ የውሻ ነገር ነው፣ አትሳቅ።

ካሳው የሚባል የአይሱዙ ሹፌር ወዳጅ ነበረኝ፣ ነበረኝ ልበል አለኝ ልበል፣ እሱኑ ነው የምነግርህ። ጋቢና ውስጥ አንድ ትንሽዬ ውሻ አስቀምጦ ነበር የሚዞረው። ድቅል ነው፣ አባቱ ሲሪንቃ የነበረ የፈረንጅ ውሻ ነው ይባላል፣ እናቱ ግን የታወቀች የመርሳ አጥንት ለቃሚ ናት፤ ቁመቱ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም፣ አንድ ጆሮው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አንዱ የተኛ። ሚስማር ብዬ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ቡችላ ሆኖ ያገኘነው እኔ ደጅ አሮጌ ጎማ ውስጥ ተወሽቆ ስለነበር። ካሳው ከወልድያ ሲመለስ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ክላክስ ያደርግልኛል፣ ከማዶ ግራሩ ሥር ያቆማል፣ እዚያው ጠረጴዛ ዘርግተው ከሚሸጡት ከእትዬ ሐዋ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ይገዛል፣ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለሚስማር። ጾም ከሆነ ሁለቱም ለሚስማር፣ «ውሻ የነፍስ አባት የለበት፣ ማን ይቆጣዋል» ይላል። ሚስቱ ዘውዴ ግን ውሻውን ደጇን አታስረግጠውም፣ የእመቤታችን ሥዕል የተሰቀለበት ቤት ውሻ አይገባም ባይ ናት።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ የተጠጋ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ልጁን አዝሎ ወደ ደሴ ሲጎርፍ፣ ካሳው እናቱን ከወልድያ ሊያወጣ ብቻውን ወደ ላይ ተነሳ። ውሻውንና የተነፈሰ ስኮርታውን፣ መጠባበቂያ ጎማውን፣ እኔ ደጅ አወረደ።

«ፍተሻ ላይ እየጮኸ ያስመታኛል፣ አደራህን ይመር፣ ዘውዴን እንደሆነ ታውቃታለህ።»

«ያለ ስኮርታ ልትሄድ ነው እንዴ ሰውዬ?»

«አብሽር! ነገ ማታ እዚህ ነኝ፣ ለጥፈህ ጠብቀኝ።»

ሄደ። በማግስቱ አልመጣም፣ ወልድያ ተያዘ፣ ስልኩ ጠፋ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ቀጥሎ መርሳም ተራዋ ደረሰ።

እኔ ውሻ አሳድጌ አላውቅም፣ ግን አደራ ነዋ፣ ምን ታደርገዋለህ! መዥገሩን ናፍጣ በነካ ጨርቅ እየያዝኩ ነቀልኩለት፣ ቂጣዬን እየቆረስኩ አካፈልኩት፣ ከባድ መሣሪያው ሲያጓራ የካሳው ጎማ ውስጥ ገብቶ ሲንቀጠቀጥ እጄን ከትቼ ሆዱን እይዝለታለሁ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ማን ማንን እንደሚያባብል እኔም አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ብቻ ርቦኝ፣ ተናድጄ በእግሬ መታሁት፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሚያናድደኝ ደግሞ አንድ አመሉ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል አስፋልቱ ዳር ወጥቶ ወደ ወልድያ አቅጣጫ ይገተራል፣ ጥይት ይተኮስ አይተኮስ ግድ የለውም። ማጅራቱን ይዤ እየጎተትኩ ስንት ቀን እንዳስገባሁት አትጠይቀኝ።

ከወራት በኋላ መንገዱ ሲከፈት የገና ጾም ገብቶ ነበር። አንድ ሰው ከሐራ በኩል መጣና የካሳው መኪና ተቃጥላ አየሁ፣ ሹፌሩን የአገሩ ሰው እዚያው ቀብሮታል አለ። ታርጋዋን አይተሃል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ በቀለሟ ነው ያወቅኳት አለኝ። ያንኑ ቀን ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፣ መርዶው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ለዘውዴ እንዲነገር ቆረጡ፣ ቃሉን የምናገረውም ወዳጁ ስለሆንኩ እኔ ሆንኩ።

«አባ፣ ታርጋው ሳይታይ?» አልኳቸው የነፍስ አባቷን።

«ልጄ፣ ሞቶ ከሆነ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ተዝካር ነፍሱን ልናስቀራት ነው?»

«በሕይወት ካለስ? በቁሙ ፍትሐት ልናደርግለት ነው?»

አባ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ።

ያን ቀን ወደ ማታ ላይ ነው እንግዲህ። ጀንበር አዘቅዝቃለች፣ ኮምፕሬሰሩ መብራት ስለሌለ ዝም ብሏል፣ አስፋልቱ ላይ መኪና ቀርቶ ባጃጅ የለም። እኔ ነገ የምናገረውን ቃል በልቤ እያጠናሁ የካሳውን ስኮርታ ጎማ በጨርቅ እወለውላለሁ። መጀመሪያ የሚስማር የተኛው ጆሮ ቆመ። እመነኝ፣ ያ ጆሮ ቆሞ አያውቅም። ቀጥሎ የሞተር ድምፅ ሰማሁ፣ አሁን ይቀርባል፣ አሁን ይቀርባል ብዬ ብጠብቅ አይቀርብም፣ አይርቅም፣ እዚያው ይንደቀደቃል። የናፍጣ ሽታም መጣ፣ ከራሴ ልብስ ነው ብዬ እጅጌዬን አሸተትኩ። ከዚያ ክላክሱ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

«ካሳው!» ብዬ ወጣሁ። አስፋልቱ ባዶ ነው። ሚስማር ግን ተፈትልኮ ተሻገረና ግራሩ ሥር ሲደርስ በኋላ እግሮቹ ቆመ፣ የፊት እግሮቹን ጌታው ጉልበት ላይ እንደሚያሳርፈው አድርጎ አየር ላይ አሳረፈ። እንዲህ ያለ ውሻ በሁለት እግሩ ምን ያህል ይቆማል? እኔ አቡነ ዘበሰማያት አንድ ጊዜ ደግሜ፣ ሁለተኛውን አጋምሼ፣ እሱ እንደቆመ ነው፣ ጅራቱ ትወዛወዛለች፣ አንገቱን ወደ ላይ አንጋጧል። እኔ ጨርቁን እንደያዝኩ ደጄ ላይ ቀረሁ። በኋላ ወረደና ቀስ እያለ ተመለሰ፣ አፉን እየላሰ። ጎንበስ ብዬ ባየው ጺሙ ላይ ቢጫ ነገር አለ፣ በጣቴ ጠርጌ አሸተትኩት። የእንቁላል አስኳል ነው።

እንቁላል! ወዳጄ፣ መርሳ ውስጥ ዶሮ ከጮኸ ስንት ወሩ፣ የተረፈች ላባ እንኳ አልነበረችም፣ ክርስቲያኑ ደግሞ ጾም ላይ ነው። በጓሮ ዞሬ እትዬ ሐዋ ቤት ሮጥኩ።

«እትዬ ሐዋ፣ እንቁላል ቀቅለው ነበር እንዴ?»

«ወላሂ ይመር፣ ለካሳው የሸጥኩለት ነው መጨረሻዬ፤ ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለሳ?»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ግራሩ ሥር ፈለግኩ፣ አንዲት ቅርፊት የለም፣ የጎማ ምልክት የለም። ከሽማግሌዎቹ ጋር ዘውዴ ደጅ ደረስን፣ ሳናንኳኳ ከፈተች፣ ሌሊቱን የተኛች አትመስልም። አባን አየች፣ እኔን አየች፣ የበሩን መቃን ያዘች። ቃሉን ልጀምር አፌን ከፈትኩ። ያኔ ሚስማር፣ ተከትሎኝ ኖሯል፣ በእግሮቼ መሀል ብቅ አለ። እግዜር ያውቃል፣ አስቤበት አይደለም፣

«ዘውዴ፣ ውሻው አልበላ ብሎኝ ነው፣ አንቺ ዘንድ ቢሆን ብዬ…» አልኳት።

«ለዚህ ነው አባን ይዘህ የመጣኸው?»

ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች፣ ውሻውን እስከ ጆሮዋ ድረስ አንስታ አቀፈችው፣ ይዛው ገባች፣ የእመቤታችን ሥዕል ካለበት ቤት። ውጭ አባ «በነፍስ ቀለድክ!» ብለው ተቆጡኝ። የእንቁላሉን ነገር ስነግራቸው አማተቡ፣ የሰይጣን ሥራ ነው አሉ፤ ግን ተመልሰው መርዶው ይነገር አላሉም። መቃብሩን አሳየኝ ልለው ያን ከሐራ የመጣ ሰው ብፈልገው፣ ብፈልገው የውሃ ሽታ ሆነ።

ይኸው ዓመታት አለፉ። ዘውዴ ጥቁር አልለበሰችም፣ ተዝካር አላወጣችም፣ ሌላ ትዳርም አላሰበችም፣ ሁሉም በእኔ ምላስ ምክንያት። ስኮርታው ተለጥፎ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል።

ባለፈው ሳምንት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሲኖትራክ ጎማ እየፈታሁ፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ግራሩ ሥር ማንም የለም። የሚሻገርልኝ ውሻም አጠገቤ የለም። ካሳው ከሆንክ ስኮርታህ ተለጥፏል፣ ና ውሰድ ልለው ይገባኝ ነበር፣ ተሻግሬ ልቁም ይገባኝ ነበር። ፈራሁ፣ አልዋሽህም፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ብሎን መፍታቴን ቀጠልኩ።

በነጋታው ዘውዴ ሚስማርን ነጠላዋ ሥር አቅፋ መጣች።

«ይመር፣ ትናንት ክላክስ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም።»

«እኔ ሰምቻለሁ። የሱ ነው። ሚስማር ግን እግሬ ሥር ተኝቶ ቀና እንኳ አላለም። ውሻ ጌታውን ይረሳል እንዴ?»

«እሱ እኮ አርጅቷል» አልኳት፣ «ጆሮው ደክሞ ይሆናል።»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ እትዬ ሐዋ ከማዶ አንድ እንቁላል ጠረጴዛቸው ላይ ቀጭ አደረጉ፣ ሊልጡት። ሚስማር ከእቅፏ ዘልሎ ወረደ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ እግራቸው ሥር ቁጭ አለ።

ከማዶ ቅርፊት ሲሰበር የሰማ ጆሮ ደክሟል አይባልም፤ ዘውዴ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። እኔ ባፋው ውስጥ ያለውን ካላማዳሪ ማገላበጥ ያዝኩ።