አረንጓዴው ለምን ደበዘዘ?

ቤተ ሙከራ ውስጥ የተዋወቅነው ብልቃጧን በስህተት አንስቼባት ነው።

«ወንድሜ፣ እሱ የኔ ነው! ያንተ አረንጓዴ፣ የኔ ቀይ። ቀለም አትለይም እንዴ?»

አፈርኩም ሳቅኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ቀዮ» አልኳት።

እኔ የማጠናው ዘረመል (ጂን) ባክቴሪያን አረንጓዴ ያበራል፤ የሷ ቀይ። ስምንት ወር ጎን ለጎን ስንሠራ ልባችን አንድ ሆነ።

አንድ ቀን አማካሪያችን ሁለቱን ዘረመሎች አንድ ባክቴሪያ ውስጥ እንድናስገባ አዘዙን። በማግስቱ ቀዩ ደምቋል፤ የኔ አረንጓዴ ግን ድብዝዝ ብሏል። ደጋግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። ቀዮን ሳልጠይቃት አማካሪያችን ቢሮ ገባሁ።

«የኔን የሚያፍን ነገር ጨምራበታለች» አልኩ።

ሥራዋ ታግዶ ተመረመረ። ምንም አልተገኘም።

ነገሩ አላስተኛ አለኝ። በቀዩ ፋንታ፣ ቀለም የሌለው ፕሮቲን የሚያሠራ ሌላ ዘረመል አስገባሁ። አረንጓዴው አሁንም ደበዘዘ! ለካ ማንም አላፈነውም። ሴሉ ፕሮቲን የሚሠራባቸው ራይቦዞሞች የተወሰኑ ናቸው፤ አንዱ ዘረመል ብዙ ሲይዝ ሌላው ያጣል።

ሮጬ ሄድኩ። ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነበር። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታለች።

«ቀዮ... ተሳስቻለሁ። ራይቦዞም ተሻምተው ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂ ነበር?»

«የዚያኑ ዕለት ጠዋት ገባኝ። ልነግርህ ስመጣ ቢሮ ገብተህ ትከሰኛለህ።»

«ይቅር በይኝ፣ የኔ ቆንጆ...»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ለእማዬ ስላንተ የነገርኳት በዋዜማው ነበር። "ሳያጣራ አይናገርም" ብዬ አፌን ሞልቼ! እሷም "እሁድ አምጪውና ልየው" አለችኝ።»

«አሁን ምን ልትያት ነው?»

«እውነቱን ነዋ። ባክቴሪያውን ስንቴ ለካኸው? እኔን ግን አንዴ አልጠየቅከኝም።»

ካርቶኑን ልይዝላት እጄን ዘረጋሁ።

«ተወው፣ ቀላል ነው» አለችና ወጣች።

አማካሪያችን ፊት ቀርቤ ጥፋቴን ተናገርኩ፤ ስሟ ከጥርጣሬ ነጻ ሆነ። ይህንኑ ጽፌ፣ ተመለሺልኝ ብዬ ለምኜ፣ ደብዳቤ ላክሁላት። በሳምንቱ መልስ መጣ። አንድ መስመር ነው፦

«ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ።»

ቀዮ አንቱ አለችኝ።