ያልተቀባችው ነጥብ

ሰባት ሺህ ተመልካች በሚያጨናንቀው በዘንጎራ መንግሥት የትርኢት ሜዳ፣ ቀለም ቀቢዋ ዘልማ የወንድሟን ፊት ቀብታ ስትጨርስ፣ ሳህኑ ላይ የተረፈው ነጭ ቀለም በድንገት ጠቆረ። ክፉ ምልክት ነበር። ዐይን ተከድኖ ሳይገለጥ ባለ ሦስት መቶ ጥርሱ አውሬ ጉምዛር የቀለም ማስለቀቂያ ዘይት የሚቀመጥበትን ቀንድ ነጥቆ ወደ ዋሻው ሸሸ።

በዘንጎራ የተቀባ ፊት በቀንዱ ዘይት ካልተጠረገ ይደነዝዛል፤ ድንዛዜው ልብ ሲደርስ ሰውየው አበቃለት። ገመድ ተራማጁ ወንድሟ ታርሚን ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ተስኖት ነበር።

«ፊት በቀባው እጄ እምላለሁ፤ ቀንዱን ሳልይዝ አልመለስም!» አለች ዘልማ።

በመድረክ ንግሥት ሆኖ የሚጫወተው ጢማሙ ዶምባል፣ ክንድ የሚያህለውን ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት እንኳ ሳያወልቅ፣ ቀሚሱን ሰብስቦ ተከተላት። ዘጠና ዘጠኝ ተራራ አቋርጠው ዋሻው ደጃፍ ደረሱ። ጉምዛር የሚያየው ያልተቀባ የሰው ቆዳ ብቻ ነበር። ዘልማ የዶምባልን ጓንት አጥልቃ፣ ከሜዳው ይዛው የመጣችውን የጠቆረ ቀለም ፊቷንና አንገቷን ተቀባች።

«እቱ፣ ከጆሮሽ ሥር ሳትቀባ የምትተወውን ነጥብ እንዳትደፍኚያት! ቀለሙ ሲጠረግ ስሜት የሚመለሰው በሷ ነው» አላት ዶምባል።

«ጉምዛርም የሚያየኝ በሷ ነው። ድፈናት፣ ጋሼ ዶምባል።»

«እኔ ልግባ!»

«ያንተን ጢም የሚሸፍን ቀለም አገር ቢያዋጣም አይገኝ።»

ሳቀ። እያለቀሰ ደፈነላት።

የአውሬው እስትንፋስ ዋርካ ይነቅል ነበር። ዘልማ ግን አልፈራችም፤ ምንም አልተሰማትም። ከሦስት መቶው ጥርስ መሐል ቀንዱን፣ እንጀራ ከመሶብ እንደሚያነሣ ሰው፣ አንሥታ ወጣች።

ሜዳው ላይ ታርሚን ፊቱ በቀንዱ ዘይት ሲጠረግ ጮኾ አለቀሰ። የሰባቱ ሺህ እልልታ ሰማዩን ሊቀደው ደረሰ። ዘልማም ፊቷን ጠረገች፤ ቀለሙ ለቀቀ።

«እህቴ፣ ደስ አላለሽም?» አላት ታርሚን።

«ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር» አለች።

ትርኢቱ ሊጀመር ነውና ብሩሿን አነሣች። የቀቢዎች ሕግ ነው፤ ቀለም በቀቢው ጉንጭ ሙቀቱ ሳይለካ በሰው ፊት አያርፍም። ጉንጯ ላይ አደረገችው። ጠበቀች። ደግማ አደረገችው።

«ታርሚን» አለች፣ «እስቲ አንተ ንገረኝ፤ ይቀዘቅዛል?»