ያልተጠራው ሰባት ቁጥር

«‹እንኳን› ብለሽ ጀምሪ እንጂ፤ ቀለሙ እየደረቀ ነው» አላት ኢብሳ።

ትህትና ብሩሹን ነክራ እንደያዘች ቀርታ ነበር። በኦቦ ገርባ ወፍጮ ቤት ግቢ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ረጅም ነጭ አቡጀዴ ተዘርግቷል። ነፋስ እንዳያነሳው አራቱም ጫፍ ላይ ድንጋይ ተጭኗል። የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር የወጨጫ ክለብ ደጋፊዎች ባነር የሚያጽፉት እሷን ነው። የዛሬው ግን ለገዛ ወንድሟ ነው፤ «እንኳን ወደ ቤትህ መጣህ ኤልቃና» ብላ ልትጽፍበት ነው።

«ቆይ እስቲ» አለ ፍቅረሥላሴ፣ የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ። «መምጣት ላልፈለገ ሰው ነው እንኳን መጣህ የሚባለው?»

«ጀመረው ደግሞ» አለ ኢብሳ።

«አልጀመርኩም፤ እሱ ነው የጀመረው። ሬድዮ ላይ ምን አለ? ‹እውነቱን ለመናገር እዚያው አንድ ዓመት ብጨምር ደስ ይለኝ ነበር።› በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ልምምድ ከተጀመረ አሥራ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የመጣው። ሙድ እየያዘብን ነው።»

«አቦ ፍቄ፣ በውሰት ለሌላ ክለብ የሰጡት የኛዎቹ አይደሉም? ሂድ ሲሉት ሄደ። አሁን ና ሲሉት እየዘለለ ይምጣ?»

«ውሰት ማለት እኮ ባለቤት አለው ማለት ነው። ለጎረቤት ያዋስኩት መዶሻ ‹እዚሁ ተመችቶኛል፣ አልመለስም› ይለኛል እንዴ?»

ሌሎቹ ሳቁ። ኦቦ ገርባ አልሳቁም። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ ዱቄት የለበሰ ኮታቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ክለቡ በአቧራማ ሜዳ ላይ በባዶ እግር ከሚጫወትበት ዘመን ጀምሮ ደጋፊ ናቸው።

«መዶሻ አይደለማ ልጁ» አሉ። «ሰው ገዛ ቤቱ መግባት ከፈራ፣ ‹ቤት ውስጥ ምን አለ?› ተብሎ ነው የሚጠየቀው።»

«ዱጋ ኬቲ፣ ኦቦ ገርባ» አለ ኢብሳ፤ እውነትዎን ነው ማለቱ ነው።

«እኔ አልጠይቅም» አለ ፍቅረሥላሴ። «ነገ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሬ እግሩን ነው የማየው። ካልሮጠ መጀመሪያ የምጮህበት እኔ ነኝ።»

ካልሮጠ። ከብሩሹ ጫፍ አንድ ጠብታ አረንጓዴ ቀለም አቡጀዴው ላይ ወደቀ።

«አንቺ እህቱ ነሽ» አላት ኢብሳ ዞር ብሎ። «እውነት ለምንድን ነው መምጣት ያልፈለገው?»

ሁሉም ወደ እሷ አዩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች።

ኦቦ ገርባ ግን ፊቷን ሳይሆን እጇን ነበር የሚያዩት። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል።»

«በርዶኝ ነው፣ ኦቦ።»

የጥቅምት ፀሐይ ጀርባዋን እየጠበሳት ነበር።

እውነቱን ያወቀችው ትናንት ጧት ነበር። ኤልቃና ሐሙስ ከሰዓት አንድ ሻንጣ ይዞ ገባ። አርብ ጧት፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ እንደ ድሮው ሊሮጡ ወጡ። ልጅ ሆና ከኋላው እየተከተለችው «ጠብቀኝ» ስትል ያደገችበት መንገድ ነው፤ ከሰፈራቸው ተነስቶ በባሕር ዛፉ መሀል ወደ ወጨጫ ተራራ ግርጌ የሚወጣው ኮረኮንች። በዚያን ዕለት ግን እየቀደመችው መጣች። መጀመሪያ አውቆ የተዋት መስሏት ሳቀች። ከዚያ የጫማው ድምፅ ከኋላዋ ጠፋ።

ዞር ስትል መሬት ላይ ነበር። በጎኑ ወድቆ፣ አንድ እጁ ከሆዱ ሥር ተጣጥፎ፣ ዓይኑ ግማሽ ተከፍቶ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ስሙን ጠራችው። ትከሻውን ነቀነቀችው። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ድምፅ አልወጣትም፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ሰው አልነበረም። ምን ያህል እንደቆየ አታውቅም። ደቂቃ አይሞላ ይሆናል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ግን ለእናቷ ምን ብላ እንደምትነግራት አስባ ጨርሳ ነበር።

ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ሳበና ነቃ። መጀመሪያ ያለው ነገር «ሰው አየ?» ነው።

ዛፍ ተደግፎ ተቀምጦ ነገራት። በውሰት በሄደበት፣ ደቡብ ባለው ትንሽ ክለብ፣ ሁለት ጊዜ ደርሶበታል። አንዱ ብቻውን ሲሮጥ፣ አንዱ ሻወር ቤት። ለማንም አልተናገረም። ብቻውን ጤና ጣቢያ ሄዶ ነበር፤ ሐኪሙ በማዳመጫ ደጋግሞ ካዳመጠው በኋላ አዲስ አበባ ሄደህ የልብ ምርመራ አድርግ ብሎ ወረቀት ጻፈለት። ወረቀቱ እስካሁን ሻንጣው ውስጥ ነው።

«እዚያ ከሰባኛው ደቂቃ በኋላ ነበር የሚያስገቡኝ። ሃያ ደቂቃ እችላለሁ። እዚህ ግን ዘጠና ነው የሚጠብቁኝ። ሰዉ ሁሉ የሚያውቀው የድሮውን ኤልቃና ነው» አላት።

«ታዲያ ለምን አትመረመርም?»

«ከተመረመርኩ ‹አትጫወትም› ይሉኛላ። ቲቲ፣ እኔ ኳስ ካልተጫወትኩ ምን ነኝ?»

እንዳትናገር አስማላት፤ ማለች።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ባነሩን ጨርሳ ቤት ስትገባ እናታቸው ሙሉነሽ ለነገው መዝሙር የምትለብሰውን ጋውን ትተኩሳለች። ሳምንቱን ሙሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆማ ትውላለች፤ ልጇ በመምጣቱ ግን ድካሟ ሁሉ የጠፋ ትመስል ነበር። እየተኮሰች ታንጎራጉራለች። አባታቸው የሚሠራው ዱከም ነው፤ ነገ ግን ጨዋታውን በስልክ እየደወለ እንደሚከታተል ነግሯታል።

«ፊቱ አልገረጣብሽም?» አለቻት ሙሉነሽ በሹክሹክታ።

«ጉንፋን ነው መሰለኝ» አለች ትህትና። በአንድ ቀን ሦስተኛ ውሸቷ ነበር።

ኤልቃና ደጅ፣ የውሃ በርሜሉ አጠገብ፣ የመጫወቻ ጫማውን በድሮ የጥርስ ብሩሽ ያጥባል። አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ለእማዬ ልነግራት ነው» አለችው።

እጁ ቆመ። «ምለሻል።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ ብቻ ልጫወት። አንድ ቀን። ከዚያ ሰኞ እሄዳለሁ፣ እመረመራለሁ። ነገ ካልገባሁ ግን ‹እምቢ አለ› ነው የሚሉኝ። ሬድዮ ላይ ያልኩትን ሰምተዋል። ይቺ ሰበታ እኮ ናት፤ ዳቦ ልገዛ አልወጣባትም።»

«ሜዳ ላይ ብትወድቅስ?»

ጫማውን አገላበጠው፤ ምንም ጭቃ የሌለበትን ቦታ ፈተገው።

«እኔም እፈራለሁ» አለ በመጨረሻ፣ ሳያያት። «አይፈራም ብለሽ አታስቢ። ግን ከተናገርሽ ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለሽም። በቃ።»

ይህን ብሎ ገባ። ትህትና እዚያው ቀረች። በኤልቃና አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ሲያስፈራራት ድምፁ የትንሽ ልጅ ድምፅ መምሰሉ ደግሞ የባሰ አስፈራት።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሜዳው ዙሪያ ሞልቷል። መቀመጫ ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ የቀረው ሰው በሽቦ አጥሩ ላይ ተደርድሯል፣ ግንብ ላይ ተሰቅሏል። ባነሩ ተወጥሮ ቆሟል። ትህትና ኢብሳና ፍቅረሥላሴ መሀል ቆማለች። ከበሮው ሲመታ ደረቷ ውስጥ ይገባል።

ተጫዋቾቹ ለማሟሟቅ ሲወጡ ሰዉ ባንድ ድምፅ ኤልቃናን ጠራ። ሲያኮርፉ የሰነበቱት ሳይቀሩ። ፍቅረሥላሴ እንኳ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ አፏጨ።

«እየው፣ እየው፣ ቀለል ብሎታል» አለ።

ኤልቃና ከሌሎቹ ጋር ከመስመር መስመር እየሮጠ ነበር። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ጓደኞቹ ሲዞሩ እሱ ቆመ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ የሚያስር መሰለ። ማሰሪያው ግን አልተፈታም ነበር፤ ትህትና አይታዋለች። ቀና ሲል ቀኝ እጁን ማሊያው ሥር አስገብቶ ደረቱን ያዘ።

በሺህ ሰው መሀል ዓይኖቻቸው ተገናኙ። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። በጣም ትንሽ። ተይ።

እግሯ ያኔ ነው የተነሳው። ወስና አልነበረም። አጥሩን ይዛ፣ ሰው እየገፋች፣ እየተሰደበች ሄደች። ኢብሳ ከኋላ «ወዴት ነው? ሊጀመር ነው እኮ» ሲላት አልዞረችም።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ከለከላት።

«ሲስተር ራቢአን ፈልጌ ነው» አለችው።

«ምን ልታደርግልሽ?»

«ወንድሜ ነው። ሰባት ቁጥር። እባክዎ።»

ጥበቃው ፊቷን አየና ያለ ተጨማሪ ጥያቄ በሩን ከፈተላት።

ሲስተር ራቢአ የቡድኑ ወጌሻ ናት። ሃያ ዓመት ነርስ ሆና ሠርታለች፤ ተጫዋቾቹ ከአሠልጣኙ ይልቅ እሷን ይፈራሉ። ተጠባባቂ ወንበሩ አጠገብ የበረዶ ሣጥኗ ላይ ተቀምጣ ፋሻ ትጠቀልላለች። ትህትና ፊቷ ቆማ ተናገረች። ያሰበችውን ያህል ረጅም አልነበረም። ወጨጫ መንገድ ላይ መውደቁን፣ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ሻንጣ ውስጥ ያለውን ወረቀት።

ሲስተር ራቢአ አልደነገጠችም፤ ወይም አላስታወቀችም። «ሲወድቅ ምን ያህል ቆየ? ተንፈራፈረ? እየሮጠ ነው ወይስ ቆሞ?» ብላ ጠየቀቻት። መልሱን ሰማች። ከዚያ ተነስታ ወደ ሜዳው መስመር ሄደች፣ ኤልቃናን በጣቷ ጠራችውና ይዛው ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባች። ሲያልፉ ኤልቃና ትህትናን አላያትም። እንደ ግንብ ቆጥሯት ነበር በአጠገቧ ያለፈው።

ደጁ ላይ ቆማ ጠበቀች። ከውስጥ አሠልጣኙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ይሰማል፤ የሲስተር ራቢአ ድምፅ ግን ከፍም ዝቅም አላለም። «የልብ ምቱን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። ሦስቱም አንድ አይደለም። ይህ ልጅ ዛሬ አይሮጥም፤ ልታስገባው ከፈለግህ እኔን አውጥተህ ነው» ስትል ሰማቻት።

ትንሽ ቆይቶ በድምፅ ማጉያው የተሰላፊዎች ስም ተነበበ። ስድስት ቁጥር ተጠራ። ስምንት ቁጥር ተጠራ። ከአጥሩ በኩል መጀመሪያ ዝምታ መጣ፤ ከዚያ አንድ ሰው አፏጨ፤ ከዚያ ሁሉም። የፍቅረሥላሴን ድምፅ ከመሀል ለየችው።

በክለቡ ፒክአፕ አዲስ አበባ ወሰዷቸው። ሲስተር ራቢአ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ። ኤልቃና ማሊያውን ሳያወልቅ ጃኬት ደርቦበታል። እስከ ዓለም ገና ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ፣ እሷ የእሱን ትንፋሽ ስትከታተል ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጥፈው የልቡን ምት በወረቀት አወጡ። ወጣቷ ሐኪም ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየችው። ረቡዕ በአልትራሳውንድ እንደሚታይ ነገረችው፤ ምን እንደሆነ ያኔ በደንብ ይታወቃል፣ በመድኃኒት የሚስተካከልም ሊሆን ይችላል። እስከዚያ ግን ሩጫ የለም፤ ደረጃም በቀስታ።

«ዛሬ ተጫውተህ ቢሆን...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ለሌላ ምርመራ ደም እንዲሰጥ ላከችው።

ኮሪደሩ ላይ ወረፋ እየጠበቁ የትህትና ስልክ ነዘረ። ኢብሳ ነው። «ሁለት ለባዶ ተሸነፍን። ሰዉ ‹አልጫወትም ብሎ ጥሎን ሄደ› እያለ ነው። ግሩፑ ላይ ነፍ ስድብ ነው። እውነቱን ንገሪኝ፤ አሁኑኑ ጽፌ ዝም አሰኛቸዋለሁ።»

ኢብሳ ያደርገዋል። በአንድ መስመር ሁሉም ያፍራሉ። ፍቅረሥላሴም ያፍራል። «ልቡን ነው ያመመው» ብላ ጻፈች። አውራ ጣቷ መላኪያው ላይ ቆየ።

ለሲስተር ራቢአ የነገረችው እንዳይሞት ነው። ይሄኛውስ?

ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። ስልኩን ዘጋችና ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«እየሰደቡኝ ነው?» አለ ኤልቃና። ከትናንት አመሻሽ ወዲህ ለእሷ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ነበር።

«አዎ።»

«ብዙ?»

«ብዙ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምንም። ያንተ ነው፤ ስትፈልግ ራስህ ትነግራቸዋለህ።»

ኤልቃና የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ሳበው።

«ለእማዬ ግን ማታ መንገር አለብን» አለ።

«እሺ።»

ነርሷ በሩን ገፋ አድርጋ ስሙን ጠራች። ኤልቃና ተነሳ፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ።

«ነይ» አላት። «ብቻዬን አልገባም።»

ትህትና ተነስታ ተከተለችው።