ጋሽ ክንዴ የጻፋቸው አሥራ ሁለት መስመሮች

ዝናቡ የዳንግላን መናኸሪያ ባዶ አድርጎታል።

ፀደይ ጥቁር ጃንጥላዋን ከሻይ ቤቱ ግድግዳ አስደግፋ ተቀመጠች። አጠገቡ ሌላ ጥቁር ጃንጥላ ቆሟል። የጃንጥላው ባለቤት ሻዩን ጨርሶ ተነሳ።

«የጥሊሊው ሚኒባስ ሞልቷል?» አላት።

«አንድ ሰው ይጎድለዋል» አለችው።

ሰውየው አንዱን ጃንጥላ አንስቶ ወጣ። ያነሳው የሷን ነው። መረጃ የያዘው ፍላሽ እጀታው ውስጥ አለ።

ከኋላዋ አንድ ባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል።

አልዞረችም።

ሻይዋን ቀስ ብላ ጨረሰች። የቀረውን ጃንጥላ ይዛ የእንጅባራን ሚኒባስ ተሳፈረች። የተከተላት አልነበረም።

ሰውየው ደረሰ ይባላል። በስለላው መሥሪያ ቤት የምስጢር ስሙ «ቀርቀሃ» ነው፤ የእሷ «ዋንዛ»። ከባሕር ዳር ተልካ እንጅባራ ከገባች አራት ወሯ ሲሆን፣ የምታገኘው መረጃ ሁሉ የሚያልፈው በደረሰ እጅ ነው።

የመጣችበት ጉዳይ መሬት ነበር። በአዘና በኩል የሦስት መቶ አርባ ገበሬዎች ይዞታ ከኮምፒውተሩ መዝገብ ተነቅሎ በማያውቋቸው ሰዎች ስም ገብቷል። ገበሬዎቹ የይዞታ ደብተራቸውን ይዘው ሲመጡ ኮምፒውተሩ «የላችሁም» ይላቸዋል። የተጠረጠረው የእንጅባራ መሬት ቢሮን ዳታቤዝ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ጋሽ ክንዴ ነው።

ጥርጣሬውን ያመጣበት አሠራሩ ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች የሚሠሩት በማውስ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ከተደረደሩት አዝራሮች አንዱን ይጫናሉ፣ ፕሮግራሙም የተጫኑትን ይመዘግባል። ጋሽ ክንዴ ብቻ ጥቁሩን ስክሪን ከፍቶ ኮዱን በእጁ ይጽፋል። ከፕሮግራሙ ምዝገባ ላይ የዝውውሩ ምልክት ስለጠፋ፣ እንግዲያው ሌባው በእጅ የሚጽፈው ሰው ነው ተባለ።

ፀደይ ከማውስ ሌላ የማታውቅ ጀማሪ መስላ እዚያው ቢሮ ተቀጠረች። እውነቱ ግን ኮድ ሙያዋ ነው። ያስተምሩኝ አለችው። እሱም ሳይሰለች ከሰዓት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ወንበር ስቦ አስተማራት። አውቃ ስትሳሳት አይቆጣም፤ ከመነሻው ይጀምርላታል።

«አዝራሩ ስንት ገበሬ እንደነካሽ አይነግርሽም» አላት አንድ ቀን። «ስትጽፊው ግን እያንዳንዷን ቃል አስበሽ ነው።»

ገበሬዎች ሲመጡ በአዊኛ ያናግራቸዋል። የማሳቸውን ስም እነሱ በሚጠሩበት አጠራር አስተካክሎ ይጽፋል። ስኳር በሽታ አለበት። በምሳ ሰዓት ከመደርደሪያው ጀርባ ገብቶ መርፌውን ራሱ ይወጋል።

በአራተኛው ወር የሚደብቀውን ነገር አገኘችው። አሥራ ሁለት መስመር ኮድ ነው። መዝገቡ በተነካ ቁጥር ማን፣ ከየትኛው ኮምፒውተር፣ ምን እንደለወጠ እየቀዳ፣ አዝራር የሚጫኑት ሰዎች በማያዩት ስፍራ ያስቀምጣል።

ጋሽ ክንዴ ሌባ አልነበረም። ማንን እንደሚያምን ስላላወቀ ብቻውን ሌባ ይጠብቅ ነበር።

ኮዱን ቀዳች። የተደበቀበትንም ስፍራ በሪፖርቷ ጠቅሳ፣ «ክንዴ ንጹሕ ነው» ብላ ጻፈች። ዳንግላ ላይ ያስረከበችው ይህንን ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፖሊሶች ጋሽ ክንዴን ከቢሮው ወሰዱት።

ደረሰ ዘንድ ደወለች።

«ሥራሽ አልቋል። ዛሬውኑ ውጪ።»

«ንጹሕ ነው ብያለሁ።»

«ያልሽውን አንብቤዋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። የተደበቀውን ስፍራ ፈጥና ከፈተችው።

ባዶ ነው።

ስፍራውን ከጋሽ ክንዴና ከእሷ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ደረሰ። መዝገቡን ከሰርጎ ገቦች ይጠብቅ ተብሎ ከዓመት በፊት የፕሮግራሙን ምዝገባ ጭምር መሰረዝ የሚያስችል መግቢያ ፈቃድ የተሰጠውም እሱ ነው። መንገዱን ያሳየችው ራሷ ናት።

ኋላ ግን አሥራ አንደኛው መስመር ታወሳት። የተደበቀው ስፍራ ራሱ ከተነካ፣ የሚጠፋውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ አሽሽ ይላል። ደረሰ ሪፖርቱን እንጂ ኮዱን ማንበብ አይችልም። መርጦ፣ አጥፋ ብሎ፣ «እሺ» የምትለውን አዝራር ተጭኖ ሄዷል።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ቢሮው በባለጉዳይ ሞልቷል። ጥቁሩን ስክሪን ከፈተችና መጻፍ ጀመረች። የሥራ ባልደረቦቿ እጃቸውን አቁመው አዩዋት። የገበሬዎቹ ስም በየተራ ወጣ። ከሁሉም አጠገብ ያለው አንድ ኮምፒውተር ነው፤ የደረሰ። የመጨረሻው መስመር ላይ የትናንቱ ማጥፋትም አለ።

ለባሕር ዳሩ አለቃ በቀጥታ ላከችው። ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ።

በሩ ላይ ደረሰ ቆሟል።

«ውጪ ብዬሽ ነበር» አለ ጠጋ ብሎ፣ በዝቅተኛ ድምፅ። «ክንዴን ሌባ አድርጌ የቀየርኩት ሪፖርት ላይ ያለው የማን ስም ይመስልሻል? ዋንዛ ነው የሚለው። እኔን ከነካሽ አብረን ነው የምንወድቀው።»

እጁ ኮቱ ውስጥ ነው።

ስክሪኑ ላይ የሚላከው ፋይል ሰማንያ በመቶ ደርሷል።

ከኋላው ሠላሳ ገበሬ ተሰልፎ ያየዋል። እጁን ማውጣት አልቻለም።

ዘጠና።

«አውቃለሁ» አለችው።

ተላከ።

ደረሰን አዲስ ቅዳም ኬላ ላይ ያዙት። በሁለት ሳምንት ውስጥ መሬቱ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። እሷንም አሰናበቷት። ፊቷ ታይቷል፣ ስሟም በሐሰቱ ሪፖርት ላይ አለ፤ ከእንጅባራ ውጪ፣ ከማንም ጋር እንዳትገናኚ አሏት።

ጋሽ ክንዴ በአሥራ አንደኛው ቀን ተፈታ። በእስር ላይ መድኃኒቱን በወቅቱ አላገኘም። ሦስት ቀን ራሱን ስቶ ነበር። ሲነቃ፣ ድሮም የሚያስቸግረው ዓይኑ ደም ፈስሶበት ጨልሟል። ሐኪሞቹ አይመለስም አሉ።

ትእዛዙን ጥሳ ቤቱ ሄደች። ባለቤቱ ወርቅነሽ ማንነቷን ሳትጠይቅ አስገባቻት። ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ተቀምጧል። «ጋሽ ክንዴ» ስትለው በድምፅዋ አወቃት። ማን እንደላካት፣ ለምን እንደመጣች፣ ሪፖርቷ በማን እጅ እንደገባ አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ።

«የኪቦርዱን ፊደል ሳታዪ እንደምትመቺ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እሰማ ነበር» አለ። «ኮድ እንደምታውቂ ገብቶኛል። ሽማግሌ ደስ ይበለው ብላ ነው የምትጠይቀኝ ብዬ ለወርቅነሽ አውርቼላት ነበር።»

ጋሽ ክንዴ ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«የአዘናዎቹ ተመለሰላቸው?»

«ሁሉም፣ ጋሼ።»

«ስማቸውስ? አጠራሩ እንዳይበላሽ።»

«አንድ በአንድ በእጄ ጻፍኩት።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ አልጠየቃትም። ወርቅነሽ እስከ አጥሩ ሸኘቻትና ለውለታዋ እግዜር ይስጥልኝ አለቻት፤ ጠያቂ ሰው ጠፍቶ ነበር፣ አንቺ መጣሽለት ብላ። ፀደይ አላረመቻትም። አስፋልቱ ላይ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነበር። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ መሐሉ ገባች፤ እያለቀሰች መሆኗን ያየ ሰው አልነበረም።