ምርቃት ስንት ግራም ነው?

«አትነካኪው፤ ትንሽ ሲቆይ ይነሣ ይሆናል» አለች እናቷ።

የወረደ ኬክ ግን ተመልሶ አይነሣም፤ ሚጣ ይህን የተማረችው ከእናቷ ከራሷ ነው። ኬኩ ከኦቨኑ ሲወጣ ጠርዙ ብቻ ቆሞ መሀሉ ጎድጉዶ ነበር። ሚጣን አልቅሺ አልቅሺ አላት። በነገራችን ላይ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ ቤት ውስጥ ግን እስካሁን ሚጣ ናት፤ አቤቱታዋን የሚሰማ አልተገኘም።

እናቷ ኬክ ቤት ውስጥ ረዳት ናት። የሎሚ ኬኳ ገበያ ስለያዘ ባለቤቱ ትልቅ የማቡኪያ ማሽን አስመጣ። «ማሽን ኩባያ አያውቅም። ሁሉንም በግራም አስጽፈሽ ነገ አምጪልኝ፤ አዲስ የቀጠርኳት ልጅ ወረቀቱን እያየች ትጋግረዋለች። ከዚያ ስለ አንቺ ሥራ እንነጋገራለን» አላት። ንግግሩ ሹመት ይሁን ስንብት እናቷ አልገባትም፤ ለመጠየቅም ፈርታለች።

ሚጣ ሥራውን በደንብ ነው የሠራችው። በእናቷ የቆርቆሮ ኩባያ ዱቄቱን ሞልታ፣ አናቱን በቢላ ጀርባ ጠርጋ፣ ሚዛን ላይ አስቀምጣለች። ስኳሩንም እንዲሁ። በዚያው ኩባያ ስኳሩ ከዱቄቱ በጣም ከብዶ ሲገኝ ሁለቱም ስቀው ነበር። በዚያ ግራም የጋገረችው ኬክ ግን ወረደ፤ ታዲያ የት ላይ ተሳሳተች?

«እማ፣ እስቲ እንደ ወትሮሽ አድርገሽ ለኪና ልይሽ።»

እናቷ ኩባያውን ሞላች፤ በጣቷ ጠረገችና ሳህኑ ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ እጇን ወደ ዱቄቱ መለስ አድርጋ በአምስቱ ጣቶቿ ዘገን አደረገችና ጨመረችበት።

«ቆይ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«አሁን በጣትሽ የጨመርሽው።»

«እሱማ ምርቃት ነው» አለች እናቷ፤ ጥያቄው ራሱ ገርሟታል። «ሰው ለክቶ ዝም ይላል እንዴ? ስስታም ልታስመስይኝ ነው?»

«ስኳሩ ላይስ?»

«ስኳር ደግሞ ምን ምርቃት ያስፈልገዋል? በራሱ ጣፋጭ አይደል?»

ሚጣ እየሳቀች ለኬኩ የሚገባውን የሦስቱን ኩባያ ዱቄት ምርቃት ለብቻው መዘነችው፤ አርባ አምስት ግራም። ያንን ጨምረው እንደገና ጋገሩ። ኬኩ በዚህኛው ዙር ቀጥ ብሎ ተነሣ።

ጥግ ላይ ተቀምጣ የወረደውን ኬክ ያለ ምንም ቅሬታ ስትበላ የቆየችው አክስቷ ያን ጊዜ እጇን አራገፈች።

«ምርቃቱን እንዳትጽፉት» አለች። «ኩባያው በሚዛን ይሄን ያህል ነው በሉና ጭጭ። ኬካቸው ሲወርድ እየሮጡ ወዳንቺ ይመጣሉ። ሁሉንም ካወቁ እኮ፣ እህቴ፣ ደህና ሁኚ ነው የሚሉሽ።»

እናቷ ጣቶቿን ተመለከተች። «እኔ እንጃ» አለች በመጨረሻ። «የመዘንሽው አንቺ ነሽ፣ ሚጣዬ። እንደመሰለሽ ጻፊው።» ልብስ ከገመድ ልታወርድ ወጣች።

ሚጣ ብዕሩን እንደያዘች ቀረች። አክስቷ የተናገረችው የሞኝ ወሬ አልነበረም። እሷ በጻፈችው ወረቀት ምክንያት እናቷ ከሥራ ብትወጣስ? ግን ደግሞ ያቺ አዲስ ልጅ በሐሳቧ መጣችባት። ነገ ሰው ሁሉ እያያት የጎደጎደ ኬክ ይዛ ትቆማለች፤ መጀመሪያ ኦቨኑን፣ ቀጥሎ የራሷን እጅ ትጠረጥራለች። ሚጣ ዛሬ ከሰዓት እንደዚያው ቆማ ነበር፤ ስሜቱን ታውቀዋለች።

«ዱቄት፣ 420 ግራም» ብላ ጻፈች። ትንሽ ቆይታ ከሥሩ ጨመረች፤ «የዱቄት ምርቃት፣ 45 ግራም»።

አክስቷ አንገቷን አስግጋ አነበበችና ተነፈሰች። «ቁርጥ እናትሽን።»

እናቷ የታጠበውን ልብስ ታቅፋ ገባች። ወረቀቱን ቆማ አነበበች። ምርቃት የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ እንደገና ወደ ላይ ተመልሳ ከመጀመሪያው አነበበች።

«ስሜንስ?» አለች።

«የት ላይ?»

«ከላይ ነዋ። ከነአያቴ ጻፊው። ነገ ራሴ ነኝ የምሰጠው፤ ልጅቷንም አጠገቧ ቆሜ ነው የማሳያት።»

ሚጣ የብዕሩን ክዳን መልሳ ከፈተች።