የጉምሩት ተራራ እናት ድንጋይ

ንጉሥ ዛጉር አዲሱን ግንብ ባስመረቀበት ማለዳ፣ ከጉምሩት ተራራ አናት ቀይ ጭስ ተነሣ። የኤልማር አገር ሕዝብ ምልክቱን አይቶ ተሸበረ። በተራራው ሥር የሚኖሩት ድንጋይ ጠራቢዎች ግን ምክንያቱን ያውቁት ነበር፤ የንጉሡ ሰዎች እናት ድንጋይን ሰርቀዋል።

ጠራቢዎቹ የተራራውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከላይ ወደ ታች፣ እንደ ደረጃ እያደረጉ ነበር የሚቆርጡት። አፈሩን አስቀድመው ገፈው ለብቻው ይከምሩታል፤ ሲጨርሱ መልሰው ያለብሱታል፣ ሣርም ይተክሉበታል። ተዳፋቱን ደግፋ የያዘችውን አንዲት ታላቅ ድንጋይ ግን አይነኳትም፤ እናት የሚሏት እርሷን ነው። የንጉሡ ግንበኞች ደግሞ ከሁሉ ያማረችው እርሷ ናት ብለው ከሥሯ ፈልፍለው ወስደው በአዲሱ ግንብ ውስጥ ገነቧት። እነዚህ ልበ ቢሶች! ከዚያ ወዲህ ተራራው እየተናደ ወደ መንደሩ ይወርድ ጀመር።

ነሃሪት የተባለች ወጣት ጠራቢ መዶሻዋን ጨብጣ ተነሣች። «እናት ድንጋይን ሳልመልስ ብቀመጥ፣ ይህ መዶሻ በእጄ አይርጋ!» ብላ ማለች። እጮኛዋ ወርዳም ጥማድ በሬዎቹን እየነዳ ተከተላት።

ከንጉሡ ፊት ቀርባ ድንጋይዋ እንድትመለስ ስትጠይቅ ንጉሡ ሳቀባት። «አንቺ ልጅ፣ ለጭቃ ጎጆ ብዬ ግንቤን ላፍርስ?»

«ንጉሥ ሆይ፣ ተራራው ጎጆና ግንብ አይለይም። ዛሬ እኛን ይቀብራል፤ ነገ ከደጅዎ ይቆማል» አለችው።

ወዲያው ምድር ተንቀጠቀጠች፤ አዲሱ ግንብም ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። የንጉሡ ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። «ድንጋይሽን ውሰጂ! ከፊቴ አንሺልኝ!» አለ።

በሬዎቹ ድንጋይዋን በሚንሸራተተው ጠጠር መካከል ጎተቱ። አንደኛው በሬ ገደል ገባ፤ ወርዳም እንደ ወንድም አለቀሰለት። ከተቆረጠው ቦታ ሲደርሱ ሙርጋን፣ በተራራው ሆድ የሚኖረው የእሳት ፍጡር፣ ከተሰነጠቀው ዐለት ራሱን አወጣ።

«ድንጋይዋን መልሱ፤ አፈሩንም አልብሱኝ። ነገር ግን ቁስሌ በሣር እስኪሸፈን አንድ ሰው ብቻውን ይጠብቀኝ። ሌላ እግር ከረገጠኝ እናዳለሁ፤ ጠባቂዬም ጥሎኝ ከወረደ እናዳለሁ።»

ድንጋይዋን ተከሉ። ወርዳም «እኔ ልቅር፤ አንቺ ውረጂ» አላት።

«አንተማ ሣሩን ለበሬህ ታበላዋለህ» ብላ ልትቀልድ ሞከረች፤ እንባዋ ግን ቀደማት። «የማልኩት እኔ ነኝ። ሂድልኝ።»

ናዳው ቆመ፤ መንደሩ ዳነ። ነሃሪት ብቻዋን ቀረች። ከዳር ጎመን እየዘራች በላች። አፈር በቅርጫት ተሸከመች፣ ሣር ተከለች፤ ዝናብ ጠረገባት፤ እንደገና ተከለች። ወርዳም ማታ ማታ ከሥር ሆኖ ይጣራ ነበር፤ እርሷም ትመልስለት ነበር። ክረምት በክረምት ላይ ሲደራረብ ድምፁ ጎረነነ፣ ደከመ። አንድ ማታ አልተጣራም። በማግስቱ የለቅሶ ድምፅ ከመንደሩ ወደ እርሷ ወጣ። መውረድ አትችልም ነበርና ሣሩ ላይ ተደፍታ ብቻዋን አለቀሰችው። ከዚያ በኋላ ስሟን የሚጠራ አልነበረም።

ሣሩ ከዳር እስከ ዳር በተገናኘ ጊዜ፣ ነሃሪት ሽበቷን በሻሽ ጠቅልላ ወረደች። ከመንደሩ መግቢያ ወጣት ጠራቢዎች ድንጋይ ሲያለዝቡ አገኘች። አንደኛዋ አክብራ ተነሣችላት።

«እማማ፣ የማንን ቤት ፈልገው ነው?»

ነሃሪት የማን እንደምትል ጠፋባት። «ያንን ቁስል ስጠብቅ የኖርኩ ነኝ» ብላ ወደ ተራራው ጠቆመች።

ልጅቷ እጇን ከግንባሯ ላይ ጋርዳ፣ ያንን አረንጓዴ ተራራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተችው።

«የቱን ቁስል፣ እማማ?»