ስንት ልጅ ይፈልጉ ነበር?

ሰው ማሠልጠን እወዳለሁ፤ ሰው መቅረብ ግን አልወድም ነበር። ቢያንስ እንደዚያ እያልኩ ነበር የምኖረው።

የምሠራው በስታቲስቲክስ ቢሮ ነው። በየአምስት ዓመቱ ከቤት ቤት እየዞሩ ሴቶችን «ስንት ወለዱ፣ ስንቱ ሞተብዎ፣ ስንት ይፈልጉ ነበር?» ብለው የሚጠይቁትን ወጣቶች የማሠለጥነው እኔ ነኝ። እነሱ ይዘውት የሚመጡት መጠይቅ ተደምሮ ተካፍሎ አንድ ቁጥር ይወጣዋል፤ የአገሩ ሴት በአማካይ ስንት ልጅ ትወልዳለች የሚለው። ቁጥሩ ከፍ ካለ አለቆቻችን «ምድር ልትጠበን ነው» ይላሉ። ዝቅ ካለ ደግሞ «ነገ ማን ሊጦረን ነው?» ብለው ይጨነቃሉ። ደስ ብሏቸው ያየሁበት ዓመት የለም።

እኔ በሁለቱም አልደነግጥም ነበር። ዓለም ከስምንት ቢሊዮን በላይ ሰው አላት፤ የእኔ አለመውለድ ምኗንም አያጎድልባትም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። በሃያ አራት ዓመቴ ታምሜ ማሕፀኔ በቀዶ ጥገና ወጥቷል። ይህን የሚያውቁት እናቴና ሐኪሙ ብቻ ነበሩ። እናቴም ብዙ ሳትቆይ ሞተችብኝ።

የሥልጠናው የመጨረሻ ቀን ፈተና ነው። እኔ እንደ አንዲት የቤት እመቤት ሆኜ እቀመጣለሁ፣ ሠልጣኞቹ በየተራ ገብተው ይጠይቁኛል። ለዚያ ቀን ሁሌም የማዘጋጃት ሴት አለችኝ፤ ስድስት ልጅ ያላት፣ ወሬኛ፣ ነገረኛ፣ ጥያቄውን ሳይጨርሱ የምትመልስ።

ሰባተኛው ሠልጣኝ ጓደኞቹ «አማካይ» የሚሉት ልጅ ነበር። ቁመቱ መካከለኛ፣ መልኩ መካከለኛ፣ ድምፁም እንደዚያው። በእኛ ቢሮ ይህ የፍቅር ስም ነው። ገባና ወንበሩን ትንሽ ራቅ አድርጎ ተቀመጠ።

«ጤና ይስጥልኝ። ከስታቲስቲክስ ቢሮ ነው የመጣሁት። የሚነግሩኝ ሁሉ በምስጢር ይያዛል።»

«ከባሌም?» አልኩት፣ ላስቸግረው ብዬ።

«ከባለቤትዎም። ለገዛ እናቴም አልናገርም።»

ሌሎቹ ሠልጣኞች ቶሎ ለመገላገል ሲንደረደሩ ነበር የዋሉት። እሱ ግን ይጠይቅና ዝም ብሎ ይጠብቃል። እንደዚያ የሚጠብቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ስድስቱን ልጆቼን ከነዕድሜያቸው ቆጥሬለት ስጨርስ ወደዚያች ጥያቄ ደረሰ።

«አንድም ልጅ ሳይወልዱ ወደነበሩበት ጊዜ ተመልሰው መምረጥ ቢችሉ፣ በሕይወትዎ ስንት ልጅ ይፈልጉ ነበር?»

ይህችን ጥያቄ ለሌሎች ሺህ ጊዜ አንብቤያታለሁ። ለእኔ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

«አንዲት ሴት ልጅ ትበቃኝ ነበር» አልኩ። «ግን አልችልም። ማሕፀን የለኝም።»

ከአፌ ነው ያመለጠኝ። የስድስት ልጆች እናት ሆኜ በተቀመጥኩበት! ቀና ብሎ አየኝ። ሕጋችን ግልጽ ነው፤ ጠያቂ አይደነግጥም፣ አያዝንም፣ አይመክርም። የተባለውን ይጽፋል። እሱም ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል ጥቂት ቆየና ጽፎ፣ «አመሰግናለሁ» ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። ላጠምደው የተናገርኩት መስሎታል ብዬ እፎይ አልኩ። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

ከሦስት ወር በኋላ ከመስክ ሲመለስ ፀሐይ አክስሎታል፣ ጫማው አልቋል። መጠይቆቹን እንዲያርም እኔ ክፍል ተመደበ። ጠረጴዛዎቻችን ተፋጠው ነበር። አንድ ሁለት ቀን ተዘጋግተን ሠራን፤ በሦስተኛው ቀን ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን በወረቀት ላይ አድርጎ ወደ እኔ ገፋው።

«አሠልጣኝ፣ ምሳ ሳይበሉ ሲውሉ አያለሁ።»

«መቁጠር ለመድክ ማለት ነው።»

«ቁጥር ስጠላ ነው የኖርኩት» አለና ፈገግ አለ። ሲስቅ አማካይ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ አብረን መብላት፣ አብረን መውጣት፣ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አብረን መሄድ ጀመርን። «እርስዎ» ማለቱን ተወ፤ «አሠልጣኝ» ማለቱን ግን አልተወም። አውቶቡሱ ሲመጣ «የሚቀጥለው ይሻላል» እንባባላለን፤ የሚቀጥለው ሲመጣም እንደዚያው። ወደድኩት። ሌላ ምን ልበል? ሥራ ላይ ዓይናችን ሲገጥም ሁለታችንም የምናነበው መስመር ይጠፋብን ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቱ ጋ ወሰደኝ። አራት ሴት ልጆቻቸውን ድረዋል፤ እሱ የመጨረሻውና አንድ ወንዳቸው ነው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «የእሱን ልጅ ብቻ ልታቀፍ፤ ከዚያ ወዲያ የፈለገው ይሁን» አሉኝ። ፈገግ አልኩላቸው። እጄን ግን ቀስ ብዬ ከእጃቸው አወጣሁ።

በሳምንቱ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ «እንጋባ» አለኝ።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«አይሆንም አልኩህ እኮ» ብዬ የመጣው አውቶቡስ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። አውቶቡሱ ወደ ሰፈሬ የሚሄድ እንኳ አልነበረም።

አምስት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ተኳርፈን ዋልን። እሱ ይጠብቃል፤ መጠበቅ ያውቅበታል። በስድስተኛው ቀን ክፍሉ ውስጥ ብቻችንን ስንቀር እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«አልወልድም» አልኩት። «በቃ፣ ይኸው። ማሕፀኔ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። እናትህ የሚጠብቁትን እኔ ልሰጣቸው አልችልም።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«አንቺ። የፈተናው ቀን።»

 ከዚያ ንዴቱ መጣ።

«ሰባት ወር ሙሉ እንዴት ብዬ ልንገረው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። አንተ ደግሞ እያወቅክ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ዳቦህን ትገምጣለህ?»

«በምስጢር ይያዛል ብዬ ነዋ የጠየቅኩሽ» አለ፣ እውነቱን ነው። «ለሥራ የነገርሽኝን እንዴት ለራሴ ጉዳይ አነሳዋለሁ? ራስሽ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።»

«ምስጢር የሚጠበቀው ከሌላው ሰው ነው እንጂ ከምስጢሩ ባለቤት አይደለም፣ አንተ ደረቅ!»

«ሥልጠናው ላይ እንደዚያ አላልሽም።»

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባው መጣ፤ ሁለቱን መለየት አቃተኝ። ከጠረጴዛው ዞሮ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«እያወቅኩ ነው የወደድኩሽ» አለኝ። «አንድም ቀን ጎደለሽ ብዬ አስቤ አላውቅም።»

«እናትህስ?»

ዓይኑን ወደ መሬት አወረደ። ይህን አልወደድኩትም፤ እናቱን ምን ያህል እንደሚወዳቸው አውቃለሁ።

«ለእሷ አልነገርኳትም» አለ። «ምስጢሩ የእኔ አይደለማ።»

«የእኔ ነው። እኔው እነግራቸዋለሁ።»

በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ። እናቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የታጠበ አንሶላ ያጥፋሉ። አንዱን ጫፍ ያዝኩላቸው።

«እማማ፣ ልጅዎን እወደዋለሁ። ልጅ ግን አልወልድለትም። ታምሜ ነበር፣ ማሕፀኔ ወጥቷል። ካልፈለጉኝ እሱን ከእርስዎ ጋር አላጣላም፤ ዛሬውኑ እተወዋለሁ።»

አንሶላው በመካከላችን እንደተወጠረ ቀረ።

«ምንም አይደለም አልልሽም» አሉ። «ምንም አይደለም ብልሽ ውሸቴን ነው። ስምንት ወልጄ ሦስት ቀብሬያለሁ። ከአንድ ወንዴ አንድ ልጅ ባይ ብዬ ስንት ዓመት ጠበቅኩ።»

ልማድ ክፉ ነው። ሳላስበው ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ምርጫው የእርስዎ ቢሆን ኖሮ ስንት ልጅ ይፈልጉ ነበር?»

«እኔን?» አሉ። «ይህን ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» ረጅም ጊዜ አሰቡ። እኔም ጠበቅኳቸው።

«ሦስቱን» አሉ። «የሞቱትን ሦስቱን። ሌሎቹማ አሉ።»

አንሶላውን ከእጄ ተቀብለው አጥፈው ጨረሱ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«አሁን ሂጂ፤ ዛሬ ልዘንበት። እሁድ ለምሳ ከእሱ ጋር ነይ።»

እስከ እሁድ ድረስ ምን እንደወሰኑ አላወቅኩም። እሱም አልጠየቃቸውም። እናቱ ቤት ስንደርስ እህቶቹ ከነባሎቻቸውና ከነልጆቻቸው፣ አክስቱም ጭምር ሞልተውታል። ከዳር ያገኘሁት ወንበር ላይ ኩርምት ብዬ ተቀመጥኩ። አክስቱ ደግ ሴት ናቸው፤ ጨዋታ ሊያስጀምሩልኝ ፈልገው ነው።

«እንግዲህ ልጅት» አሉኝ፣ «ሠርጉ ባለፈ በዓመቱ አንድ ሕፃን እዚህ ይድህልን የለ?»

አማካይ አፉን ሊከፍት ሲል እናቱ ቀደሙት።

«ይህችን ልጅ ስለ መውለድ የሚጠይቅ ሰው በዚህ ቤት እንዳይኖር» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

«ኧረ ምን አልኩ? ለአንቺ ብዬ እኮ ነው። ልጅ አልፈልግም ልትዪ ነው?» አሏቸው አክስቱ።

እናቱ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። እጄን ይዘው አስነሡኝና ወስደው ከራሳቸው አጠገብ፣ እሳቸው በሚቀመጡበት ባለ መደገፊያ ረጅም ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

«ልጅማ ይቺውልሽ» አሏቸው ለእህታቸው። «ይልቅ ሳህኑን አቀብዪኝ፣ አልበላችም።»

እናቴ ከሞተች ወዲህ ስለ እኔ እንደዚያ የተናገረ ሰው አልነበረም። ሳህኑ ላይ አቀርቅሬ አለቀስኩ። እሳቸው ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ከአክስቱ ጋር ሌላ ወሬ እያወሩ፣ እስኪበቃኝ ድረስ ጀርባዬን ያሹኝ ነበር።